የንባብ ድጋፍ ክፍሉን ታፔላ ከጻፈው ሰው

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣
ካሉበት ይድረስ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ግቢው በሙሉ በድርቅ ሲሰነጣጠቅ አንድም ቀን ውኃ ጎድሎበት ለማያውቀው፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ላለው የአበባ መደብ ጤናን፣ ዕድሜንና ልምላሜን እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ቢጠይቁኝ፣ መሰላል ላይ ቆሞ የኖረ ሰው ትከሻውን ከሚቆረጥመው በቀር ደኅና ነኝ። ባይጠይቁኝም ደኅና ነኝ፤ ለጊዜዎ ስለምሳሳ ነው ቀድሜ የመለስኩልዎ።

ምናልባት መልኬን አያስታውሱት ይሆናል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራ ታፔላ ጻፊ ነኝ። በግቢዎ ውስጥ «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚለውን፣ «በሰልፍ ግቡ» የሚለውን፣ በራስዎም በር ላይ «ሳያንኳኩ አይግቡ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊትም በመተላለፊያው መጨረሻ ባለው በር ላይ፣ በነጭ መደብ በሰማያዊ ቀለም «የንባብ ድጋፍ ክፍል» ብዬ፣ ከሥሩም አነስ ባለ ፊደል «ለልጆቻችን ቀድመን እንድረስ» ብዬ ጽፌአለሁ። ልጄ እናንተ ዘንድ ትማር ስለነበር ይህችኛዋን በስጦታ ነበር ያበረከትኳት። ታፔላዋን ባያስታውሱ እንኳ ልጄን አይረሷትም፤ ግቢው በሙሉ «ሬዲዮ» እያለ የሚጠራት እሷ ናት። በዚያ ጠዋት በሰልፍ ላይ ተማሪው ሁሉ ሲስቅባት እርስዎም ስቀው ነበርና አያስታውሷትም እንዳልልዎ አክብሮቴ ይከለክለኛል፤ ያስታውሷታል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ያልላክሁልዎ፣ ከዚህ ቀደም የላክኋቸው ሦስቱ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ «ገቢ» ከሚለው ሣጥን ሲወጡ ስላላየሁ ነው። ስለዚህ በሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አንገቱን ሳያቃና ሊያነበው በሚችል ቁመት በሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የፊደሉ ጉልህነት ክብርዎን ከነካ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ያልተቆጠረ ቅሬታ እንደማይቀበልም ስለተነገረኝ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳልለያይ በተራ እቆጥራቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ክፍሉ ምርቃት ላመስግንዎ። በዚያን ዕለት ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል፤ እርስዎም ደረጃው ላይ ቆመው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ብሂል ጠቅሰው፣ ንባብ የሚከብደው ልጅ ገና በጠዋቱ ካልተያዘ ኋላ መመለሻ እንደሌለው እንባ በሚያስመጣ አነጋገር አስረድተውናል። እኔ ከፊት ቆመው ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። በሳምንቱ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ወደ ክፍሉ ገቡ። ተከትለዋቸው አየራቸው የወጣ ኳሶች፣ የተቀደደ የዓለም ካርታ፣ ለእንግዳ ቀን የሚወጡት ወንበሮችና ክንፉ የረገፈ ቬንትሌተር ገቡ። ቁልፉም ወደ ንብረት ክፍል ሠራተኛው ቀበቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ሰባራ ዴስክ ቀድሞ የተደረሰለት ትምህርት ቤት ከእናንተ ሌላ ስለመኖሩ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ስለ ልጄ ውጤት። በእርስዎ ትምህርት ቤት የሚወድቅ ልጅ የለም፤ ይህንንም በየዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች በኩራት ይነግሩናል። ልጄ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል በንባብ ያመጣችው ነጥብ ሃምሳ ነው። ከፍ አትልም፣ ዝቅ አትልም፣ በየዓመቱ ሃምሳ። በሰርተፊኬቷ ግርጌም አራት የተለያዩ መምህራን በአራት የተለያዩ እስክሪብቶዎች «ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ትበርታ» ብለው ጽፈውልኛል። የድጋፍ መመሪያችሁ ደግሞ ድጋፍ የሚገባው ከሃምሳ በታች ላመጣ ተማሪ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ከሃምሳ በታች የሚያመጣ ልጅ በሌለበት ትምህርት ቤት ድጋፍ የሚሻ ልጅ ከየት ይመጣል? ችግሩን በዚህ ዓይነት ጥበብ ከሥሩ ስለነቀሉት አድናቆቴ ወሰን የለውም።

እውነቱ ግን ልጄ ማንበብ አትችልም ነበር። ይህን በአጭሩ ጽፌ ማለፍ ስለከበደኝ ይታገሱኝ። ልጄ ጆሮ አላት፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን አትጥልም። ጓደኛዋ ከክፍል በፊት ትምህርቱን አንድ ጊዜ ታነብላታለች፤ እሷ መጽሐፉን ገልጣ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ቃል ሳታዛባ ትወጣዋለች። ገጹንም በሥዕሉ ታውቀዋለች። ሥዕል የሌለበት ገጽ ሲመጣ ሆዷን ይቆርጣታል። ሆዷን የቆረጣትን ቀኖች በሙሉ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ፤ ሐኪሙ ሆዷን እንጂ መጽሐፏን አላየም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጎብኚዎቹ ቀን። ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለች ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች የንባብ ድጋፍ ክፍሉን ሊያዩ እንደሆነ ተነገረ። ዋዜማውን ክፍሉ ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ግድግዳው ላይ ፊደል ተለጥፎ አደረ። በማግሥቱ በየክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ልጆች ተመርጠው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ለእንግዶቹ እንደ ጉድ አነበቡ። እንግዶቹ ድጋፉ ያመጣውን ፍሬ በዓይናቸው አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ልጄም በዚያ ቀን አልተረሳችም፤ ጉልበት አላት ተብሎ ዴስኮቹን ወደ ጓሮ ካወጡት፣ እንግዶቹ ሲሄዱም መልሰው ካስገቡት ልጆች አንዷ ነበረች። በአምስት ዓመት ውስጥ እግሯ ያን ክፍል የረገጠው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ሰልፉ። በስድስተኛ ክፍል፣ ድምፅዋ የጠራ ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ እንድታነብ መርጠዋታል። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፤ እኔም በየቤቱ ዞሬ አውርቻለሁ። ዓርብ ዓርብ ወረቀቱ ይሰጣታል፤ ጓደኛዋ አንድ ጊዜ ታነብላታለች፤ ሰኞ ልጄ ወረቀቱን ከፊቷ ዘርግታ ታሰማዋለች። «ሬዲዮ» የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው፤ ያን ጊዜ የምስጋና ስም ነበር። አንድ ሰኞ ግን ወረቀቱ ሰልፉ ላይ ተቀየረ። ምክትልዎ ሮጠው መጥተው፣ ውኃ ስለተቋረጠ ተማሪ ሁሉ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚለውን አዲስ ማስታወቂያ እጇ ላይ አኖሩት። ልጄ ወረቀቱን ዘረጋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ዓርብ የተነገራትን፣ የወላጆች ስብሰባ ነገ መሆኑን የሚናገረውን የድሮውን ማስታወቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው።

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላዋ ቆመው ወረቀቱን ያዩት ናቸው። ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም «ሬዲዮዋ ጣቢያ ተሳስታለች» ብለው ሳቁን አደመቁት። ቀልዱ መጥፎ አልነበረም፤ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ቢሆን እኔም ሳልስቅ አልቀርም ነበር። ልጄ ወረቀቱን በሥርዓቱ አጥፋ ለምክትልዎ መለሰች፣ ቦርሳዋን ከክፍል አነሳች፣ በዋናው በር ወጣች። ዘበኛው የት ትሄጃለሽ ቢላት፣ ውኃ ተቋርጧል ወደ ቤት ሂዱ ተብለናል ብላዋለች። ያን ማስታወቂያ ከልጆቹ ሹክሹክታ ሰምታ ነበር፤ ጆሮዋ በዚያን ሰዓትም አልከዳትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

አምስተኛ፤ ስለ ቅጹ። ከሰልፉ በኋላ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ድጋፍ እንዲሰጣት ስለምን፣ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና አንድ ቅጽ ሰጥታኛለች። ቅጹ ላይ «ማንበብና መጻፍ የሚቸገር ተማሪ ይህን ቅጽ አንብቦ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ሞልቶ ያቀርባል» ይላል። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት፤ ምናልባት የማልችለው እኔ ልሆን እችላለሁ ብዬ። በመጨረሻ ራሴ ሞላሁት። በአራተኛው ቀን «የእጅ ጽሑፉ ከሚገባው በላይ ስለሚያምር የተማሪዋ አይመስልም» ተብሎ ተመለሰልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ስለ እጅ ጽሑፌ የተሰጠኝ ትልቁ ምስክርነት ይህ ነው፤ በፍሬም አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ።

በዚሁ ሰበብ ማኅደሯን ለመውሰድ መዝገብ ቤት ስሄድ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ከሰርተፊኬቶቹ ሥር አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። የሁለተኛ ክፍል መምህሯ ለእርስዎ የጻፈችው ማስታወሻ ነው። መምህሯ በዚያ ዓመት ገና ጀማሪ ነበረች፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች። እንዲህ ትላለች፦ «ይህች ልጅ በጆሮዋ ነው የምትማረው፤ ፊደሎቹን አታያቸውም። ከአሁኑ በቀን ግማሽ ሰዓት ለብቻዋ ብትያዝ ትደርሳለች። ክፍሉ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን።» ከግርጌው ፊርማዎ አለ፤ ከፊርማዎ በላይም «ታይቷል» ይላል። አልካድኩም፣ አይተውታል። ታፔላው በተሰቀለበት ወር የተጻፈ ነው። መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም ያላየች መስላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረችልኝ። ስለዚያም አመሰግናታለሁ።

ስድስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ እርስዎን ብቻ ከስሼ እኔን ብዘል ፍርድ አይሆንም። ልጄን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ያስቆጠርኳት ግን እንዲህ ነበር፦ እኔ የፊደሉን ዳር በእርሳስ አወጣለሁ፤ እሷ በተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ውስጡን በቀጭን ብሩሽ ትሞላለች። ከመስመር ወጥታ አታውቅም። እኔም ያን ማየት ማንበብ መሰለኝ። አንድ ቀን ሁለት ታፔላ ደርቆ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ፣ አንደኛው የጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል፣ ሁለተኛው የፀጉር አስተካካዩ ነበርና፣ የጤና ጣቢያውን ለመልእክተኛው እንድትሰጥ ነገርኳት። የፀጉር አስተካካዩን ሰጠች። አዋላጆቹ እየሳቁ መለሱት፤ እኔም ስቄ «አንቺ ቀልበ ቢስ» አልኳት። ብሩሿን አንሥታ ወደ ቆርቆሮዋ ተመለሰች። ምን ልትለኝ ትችል ነበር? ፊደል እንጀራው የሆነ ሰው፣ ልጁ ጎኑ ተቀምጣ ፊደል ስታጣ ካላየ፣ የእርስዎን «ታይቷል» ለመንቀፍ አፍ እንደሌለው አውቃለሁ። ቢሆንም ጽፌአለሁ።

አሁን ስለ አንዲት ጎረቤታችን ልንገርዎ። እትዬ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጄ ከቤት መዋሏን አይተው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችንን አንኳኩ። በሳምንት ውስጥ የትኞቹ ፊደሎች እንደሚምታቱባት ለይተው አወቁ፤ ገጹ ሲበዛባት መስመሮቹ እንደሚደበላለቁባትም አወቁ። ከጫማ ካርቶን ላይ መዳፍ የምታህል ቆርጠው፣ መሐሏ ላይ አንዲት ቃል ብቻ የምታሳይ መስኮት በምላጭ ከፈቱላት። በቃ፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ልጄ ካርቶኗን መስመሩ ላይ እየገፋች፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላ ቃል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በአራት ወር ውስጥ ማንበብ ጀመረች። እትዬን ስጠይቃቸው፣ «ሁለተኛ ክፍል እያለች ቢሆን እኮ ልጄ፣ ቢበዛ የሁለት ወር ሥራ ነበር፤ ያኔ ፍርሃቱ አልነበረማ» አሉኝ። ለፍርሃቱ የሚሆን ካርቶን እስካሁን አላገኙም። ዛሬም ሰው ባለበት አታነብም።

እኚህ ሴት በነጻ ግቢዎ ድረስ እየመጡ፣ ልጄንና እንደ እሷ ያሉትን የሁለተኛ ክፍል ልጆች በዚያ ክፍል ሊያስጠኑ ፈቃድ ጠይቀው ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚል መመሪያ መኖሩን በደብዳቤ አሳውቀዋቸዋል። ለእርሳቸው መልስ ስለጻፉላቸው ቀናሁ እንጂ አልተከፋሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ልጄን ይዤ ምዝገባ ለመጠየቅ መጥቼ ነበር። መምጣቷ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሳለች። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በመተላለፊያው ቆመን ስንጠብቅ፣ ልጄ በመጨረሻው በር ፊት ቆመች። ማንም እንደሌለ ግራ ቀኝ አየች። ካርቶኗን ከኪሷ አወጣች፣ ወደ ታፔላው አንጋጣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በመስኮቷ አየች፣ ከቃል ወደ ቃል ገፋቻት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ዕቃ ቤት ላይ ለምንድን ነው እንዲህ ብለህ የጻፍከው?»

አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስታልፍ «ዕቃ ግምጃ ቤት» የሚል መስሏት ነበር፤ ሲገባበት ያየችው ዕቃ ብቻ ነውና አልፈርድባትም። ከዚያም ጣቷን ሰማያዊው ቀለም ላይ አሳርፋ፣ ይህን እኮ የቀባሁት እኔ ነኝ አለችኝ። እውነቷን ነው። ዳሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡን የሞላችው እሷ ናት፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የጥያቄዋ ባለቤት ግን እርስዎ ስለሆኑ ይኸው አስተላልፌልዎታለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ልጄ ያ ክፍል ተከፍቶ እትዬ ከተቀመጡበት እመለሳለሁ፤ ካልሆነ ግን እዚሁ ሱቅ ቀለም እየሞላሁ እኖራለሁ ብላኛለች። የእኔን ሥራ አልንቅም፤ ነገር ግን የማታነበውን እየሞላች እንድታረጅ አልወለድኳትም። ዴስኮቹ የሚሄዱበት ካጡ በእኔ ሱቅ ቦታ አለ፤ መሸከሙንም እችላለሁ፤ ልጄም መንገዱን ታውቀዋለች።

ያልተከፈተ በር ፊት ቆሜ፣ ባርኔጣዬን በቀለም በተለሰነ እጄ አንሥቼ፣ ለአበባ መደብዎ ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

የግቢዎ ታፔላዎች ሁሉ ጸሐፊ፣
የሬዲዮ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዘበኛው በኩል፣ በሚቀጥለው ወር ሌሎች ጎብኚዎች ስለሚመጡ የዚያን በር ታፔላ እንዳድስ የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ሄጄ አየሁት። በሙያዬ እንደማውቀው በር ላይ የተጻፈ ነገር ቀድሞ የሚለቀው በእጀታው በኩል፣ የሰው እጅ በሚያርፍበት ነው፤ የእናንተ በር ግን በተቀባ ማግሥት እንደነበረው ነው። ቢሆንም ትእዛዝዎ ይፈጸማል። በዚህ ጊዜ ዳሩንም የምታወጣው፣ ውስጡንም የምትሞላው ልጄ ናት፤ የማላውቀውን አልጽፍም ስላለችም ከሁለቱ የትኛው ይጻፍ ብላ ትጠይቅዎታለች፦ «የንባብ ድጋፍ ክፍል» ወይስ «ዕቃ ግምጃ ቤት»? እባክዎ መልሱን በጽሑፍ ይላኩልን። የምታነበው እሷ ናት።